ዝናብ መጥረጊያው ሁለት ሳምንት ሲናገር ነበር



ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ መኪና ነው። «አንተንና መኪናን ደግሞ ምን አገናኛችሁ?» የምትሉኝ አትጠፉም። ትንሽ ታገሱኝ።

ባለፈው ክረምት ነው። የዐስር ሰላት አልቆ ስንወጣ አንድ አሮጌ ኦራል ከመስጂዱ አጥር ጥግ ቆሟል። ሰማዩ ጠቁሯል። ሹፌሩ ሻይ ቤት ገብቷል። ረዳቱ፣ ዕድሜው ቢበዛ አሥራ ስምንት ነው፣ መከላከያው ላይ ቆሞ የናይለን ገመድ ከዝናብ መጥረጊያዎቹ ጋር ያስራል። ገመዱ በግራ መስኮት ገብቶ፣ ጋቢናውን አቋርጦ፣ በቀኝ መስኮት ይወጣል። ዝናብ ሲጥል ረዳቱ መሃል ተቀምጦ ወዲያና ወዲህ ይስበዋል ማለት ነው። ወጣቶቻችን ስልክ አውጥተው እየሳቁ ይቀርጹታል።

እኔ ሳቅ አልመጣልኝም። ጀለቢያዬን ሰብሰብ አድርጌ ጠጋ አልኩና «ወንድሜ፣ መጥረጊያው የሚቆመው መቼ መቼ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

ልጁ ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። «ሲፈልግ ይሠራል፣ ሲፈልግ ይቆማል። ጠባዩ ነው ኡስታዝ» አለኝ።

ጠባዩ ነው። በእሱ ዕድሜ ሳለሁ እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት ደረሳ ነበርኩ። ነሕው ጀምሬ አጅሩሚያ ላይ ነበርኩ። ቂርኣቱ ለክረምት ሲበተን ኪሴ ባዶ ስለነበር ገንዳ ውኃ ላይ (ያኔ ብዙው ሰው ሸህዲ ነበር የሚላት) አንድ ኦራል ላይ ረዳት ሆኜ ተቀጠርኩ። ዛሬም የኢማማችን ረዳት ነኝ፤ ዕድሜዬ በረዳትነት አለቀ ማለት ነው። ከድንበሩ ማዶ፣ ገላባት ላይ፣ የጭነት መኪና ረዳትን «ሙሳዒድ» ይሉታል። ቃሉን ከኪታብ አውቀው ነበር። ሥራውን ያወቅኩት ግን ጭቃ ውስጥ ነው።

የመተማን ቆላ በበጋ ብቻ ያየ ሰው ክረምቱን አያውቀውም። በበጋ መሬቱ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። ከሰኔ ጀምሮ ያው ጥቁር ዋልካ ውኃ ሲጠጣ ሊጥ ይሆናል፤ ጫማ ይነጥቃል፣ ጎማ ይውጣል። አይሱዙ አስፋልቱን ይዞ ይቀራል። ነሐሴ ላይ ደግሞ ሰሊጡ የሚታረምበት ጊዜ ነው። በየእርሻ ካምፑ ከደጋ የወረደ ሠራተኛ ሞልቷል። ዱቄት፣ ዘይት፣ ናፍጣ፣ የወባ መድኃኒት ይፈልጋል። ያንን በዋልካው ውስጥ የሚያደርስ ወይ ትራክተር ነው ወይ ኦራል።

ኦራል ስሙን ያገኘው ከተሠራበት አገር፣ ከኡራል ተራሮች ነው። ፋብሪካው ሩሲያ ውስጥ ሚያስ በምትባል ከተማ ነው ያለው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ ሶቭየት ኅብረት ለደርግ ሠራዊት መሣሪያና ተሽከርካሪ በብዛት ስትሰጥ ኦራልና ዚል አብረው መጡ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ተበተነ፤ መኪኖቹ ግን ቀሩ። ከእነሱ አንዳንዶቹ እጅ በእጅ እየዞሩ እህልና እንጨት ጫኝ ሆኑ። የእኛው 375 የሚባለው ዓይነት ነበር። ሦስቱም አክስሎቹ ይነዳሉ፤ ስድስቱም ጎማ መሬት ይቧጥጣል። ፋብሪካው የሰጠው ሞተር ቤንዚን ጠጪ ስለነበር ወጥቶ የናፍጣ ሞተር ገብቶለታል። ቀለሙ አሁንም የወታደር አረንጓዴ ነው። በር ላይ የተጻፈው ቁጥር በቀለም ቢሸፈንም ፀሐይ ሲያርፍበት ይነበብ ነበር።

መጥረጊያው መቆም የጀመረው ነሐሴ መግቢያ ላይ ነው። ጠዋት ስንነሳ ደህና ይሠራል። መንገድ ከገባን በኋላ ይዘገያል፣ መሃል መስታወት ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ትንሽ ቆይቶ ራሱ ይነሳል። ሹፌራችን ጎበዝ ነበር፤ ያደገው ግን በአይሱዙ ነው። መጀመሪያ ጎማውን ቀየርን፤ ለውጥ የለም። ዳሽቦርዱን በቡጢ መታነው፤ አንዳንዴ ይነሳል፣ አንዳንዴ አይነሳም። በኋላ ከተማ ውስጥ አንድ ወጣት ኤሌትሪሻን ጠራን። ፊውዝ ፈለገ፣ አጣ። ሽቦ ፈለገ፣ አጣ። ዳሽቦርዱ ሥር አንገቱን አስገብቶ ቆየና አንድ ቀጭን ቱቦ ይዞ ወጣ።

«ይሄ ነገር ኤሌትሪክ አይደለም እኮ! በንፋስ ነው የሚሠራው!» አለ። ሳቀ። እኛም ሳቅን። «በሉ እንግዲህ የእኔ ሥራ አይደለም» ብሎ ሂሳብም ሳይቀበል ሄደ።

አያችሁ፣ መልሱ እጃችን ላይ ነበር። መጥረጊያው በንፋስ የሚሠራ ከሆነ ቀጣዩ ጥያቄ «ታዲያ ንፋሱ ምን ሆነ?» የሚል መሆን ነበረበት። ማናችንም አልጠየቅንም። ሹፌሩ ገመድ አመጣ።

ከዚያ በኋላ የእኔ ሥራ ገመድ መሳብ ሆነ። ዝናብ ሲመጣ ጋቢናው መሃል ቁጭ ብዬ ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ። ከላይ ጭነቱ ላይ የተቀመጡት ሠራተኞች ጎንበስ ብለው በመስኮት እያዩኝ ይስቁ ነበር። እኔም ቀለደኛ ሆንኩ፤ ስስብ የነሕው ምሳሌዎቼን ጮክ ብዬ እደጋግማለሁ። ሥራውን ለመድኩት። ወላሂ፣ ጎበዝ ረዳት የሆንኩ መሰለኝ።

አሁን ወደሚከብደኝ ነገር ልግባ። ገመዱን እየሳብኩ ሳለሁ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። መጥረጊያው ሕይወት ሲኖረው ገመዱን እጄ ላይ ይነጥቀኛል፤ ሲሞት ገመዱ ይከብዳል። የሚሞተው ደግሞ ሹፌሩ ፍሬን ደጋግሞ ሲረግጥ ነበር። አንድ ጊዜ አይደለም፤ ሁልጊዜ። ቁልቁለት ላይ ይሞታል፣ ሜዳ ላይ ትንሽ ስንሄድ ይነሳል። አየሁ፣ ግን ለማንም አልተናገርኩም። ረዳት ምን ያውቃል? ደግሞም ቢጠገን ገመድ ሳቢ አያስፈልግም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከገንዳ ውኃ ወጥተን ወደ ሽንፋ አቅጣጫ ካሉት እርሻዎች ወደ አንዱ እንሄዳለን። የማሽላ ዱቄት ጭነናል፣ ሁለት በርሜል ናፍጣ አለ፣ ከላይ አሥራ አንድ ሠራተኛ ተሳፍሯል። ዝናቡ እንደ ቆላ ዝናብ በአንድ ጊዜ ወረደ። እኔ ገመዴን እስባለሁ። መንገዱ እየወረደ እየወጣ ስለሚሄድ ሹፌሩ ፍሬን ያበዛል። መጨረሻ ላይ አንድ ጅረት አለ፤ በበጋ አሸዋ ነው፣ ያን ቀን ግን ሞልቶ ቡና መስሎ ይወርዳል። ሹፌሩ ዳር ላይ አቁሞ ውኃውን አይቶ ሊገባ ነበር ሐሳቡ።

ፍሬን ረገጠ። እግሩ ወለል ነካ። መኪናው አልሰማም።

«ያ ረብ!» ሲል ሰማሁት። የእጅ ፍሬኑን ጎተተ። የኦራል የእጅ ፍሬን ንፋስ አይፈልግም፤ ከካምቢዮው ጀርባ ያለውን ዘንግ በብረት ጨምድዶ ነው የሚይዘው። እሱ ነው ያዳነን። መኪናው ተንሸራቶ፣ ጎኑን ሰጥቶ፣ የፊት ጎማዎቹ ውኃ ውስጥ ገብተው ቆመ። ግን ሲያዘነብል ከላይ ከነበሩት አንዱ ተወርውሮ ድንጋይ ላይ ወደቀ። ከበለሳ የመጣ ልጅ ነው፤ በዕድሜ ያንሰኛል። እግሩ ከጉልበቱ በታች ተሰበረ።

ዱቄቱን አራግፈን፣ በሸራ ተሸክመን፣ በትራክተር አስፋልት ድረስ አደረስነው። ከዚያ ሐኪም ቤት ገባ። ባለቤቱ የሕክምናውን ከፈለ። ልጁ ግን የመጣው ክረምቱን አርሞ፣ መስከረም ሰሊጥ አጭዶ ብር ይዞ ሊመለስ ነበር። ያንን የከፈለው የለም።

ማታ ካምፑ ውስጥ ሁሉም ሰው ስለ ፍሬኑ ያወራል። ሹፌሩ «በድንገት እምቢ አለ። ቀደር ነው» አለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። እኔም ነቀነቅኩ።

የካምፑ ዘበኛ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። በደርግ ጊዜ ወታደር ሹፌር ስለነበሩ ሁሉም «አስር አለቃ» ነው የሚላቸው። ከእሳቱ ራቅ ብለው ተቀምጠው ነበር። ቀስ ብለው «የመጥረጊያው ገመድ ለምንድን ነው?» አሉ።

«መጥረጊያው እየቆመ አስቸግሮን ነው አስር አለቃ» አለ ሹፌሩ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ሳምንት ይሆነዋል።»

ሽማግሌው ዝም ብለው ቆዩ። «ቀደርስ ቀደር ነው ልጄ» አሉ። «ግን በድንገት አትበል። ሁለት ሳምንት ሲነግራችሁ ነበር። እናንተ ገመድ አሰራችሁበት።»

ያን ሌሊት አልተኛሁም።

በነጋታው መኪናው በትራክተር ተጎትቶ ካምፕ ገባ። አስር አለቃ ሰደርያቸውን አውልቀው «ደረሳው፣ ና ጋቢና ግባ» አሉኝ። ዕድሜ ልኬን የማልረሳው ትምህርት የተጀመረው እንዲህ ነው።

መጀመሪያ ነገሩን አስረዱኝ። ሞተሩ ላይ ኮምፕረሰር አለ። ንፋስ እየጨመቀ ታንከር ውስጥ ያስገባል። ከታንከሩ ንፋሱ ለብዙ ሥራ ይከፋፈላል። ትልቁ ድርሻ የፍሬን ነው፤ ፔዳሉን ስትረግጥ ንፋስ ሄዶ የፍሬኑን ዘይት ይገፋል፣ ዘይቱ ጎማ ላይ ይይዛል። ኦራል ጎማውንም እየሄደ የሚነፋው በዚሁ ንፋስ ነው። ትንሿ ድርሻ ደግሞ በቀጭን ቱቦ ወደ መጥረጊያው ትሄዳለች። መጥረጊያው ውስጥ ትንሽ ፒስተን አለ። ንፋሱ በአንድ በኩል ገብቶ ይገፋዋል፤ ጫፍ ሲደርስ ትንሽ ቫልቭ በሩን ትቀይራለች፣ በሌላ በኩል ይመልሰዋል። በጥርስ ተያይዞ ክንዱን ያወዛውዛል። በቃ። ሽቦ የለም፣ ፊውዝ የለም።

«ስለዚህ ይሄ መኪና አንድ ሳንባ ነው ያለው» አሉኝ። «ለፍሬን የሚያንሰው ንፋስ ለመጥረጊያውም ያንሳል። ልዩነቱ መጥረጊያው ዓይንህ ፊት ነው፣ ፍሬኑ ግን እግርህ ሥር ነው።»

ቀጥሎ የንፋሱን ጌጅ አዩ። መርፌው አንድ ቦታ ደርቆ ቀርቷል፤ ማን እንደሚያየው እንኳን አናውቅም። ከጎማ መንፊያ ላይ ጌጅ አምጥተው ቧንቧው ላይ አሰሩ። ሞተሩ ተነሳ፤ ቆይቶ ሰባት አካባቢ ሞላ። መጥረጊያውን ከፈትኩ፤ እንደ አዲስ ሠራ። ሹፌሩ «ይኸው! ደህና ነው እኮ!» አለ።

«ሲጠግብማ ሁሉም ደህና ነው» አሉ አስር አለቃ። ሞተሩን አስጠፉ። ጠበቅን። መርፌው አልወረደም። ሹፌሩ አሁንም «አይተነፍስም» አለ። ሽማግሌው መልስ ሳይሰጡ የሳሙና አረፋ በጣሳ ይዘው መኪናው ሥር ገቡና ከሥር ጮኹ፦ «ደረሳው፣ እርገጥ!»

ረገጥኩ። ሽሽሽሽ የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ። «ልቀቅ!» ለቀቅኩ፤ ጸጥ አለ። «እርገጥ!» ሽሽሽሽ። መርፌው ዓይኔ እያየ ይወርዳል። አራት አምስት ጊዜ ስረግጥ ከግማሽ በታች ሆነ፤ ክፍት የነበረው መጥረጊያም ዘገየ፣ ዘገየ፣ መሃል መስታወት ላይ ቆመ። ልክ መንገድ ላይ እንደሚያደርገው።

የኋላውን ፍሬን የሚመግበው ቱቦ ከሻንሲው ጋር ሲፋተግ ኖሮ ሆዱ ተሰንጥቋል። ቱቦው ያለው ከፔዳሉ ቫልቭ በኋላ ነው። ስለዚህ ፔዳሉ ካልተረገጠ ንፋስ አይደርሰውም፣ አይተነፍስም። መኪናው ቆሞ ስታየው ጤነኛ ነው። በረገጥክ ቁጥር ግን ታንከሩን ያራግፈዋል። ሜዳ ላይ ኮምፕረሰሩ ይተካል፤ ቁልቁለት ላይ ፍሬን ሲበዛ ኮምፕረሰሩ አይደርስም። ሲሠራ፣ ሲቆም የነበረው ለዚህ ነው። ጠባይ አልነበረም። ምክንያት ነበረው።

በዚህም አላበቁም። ከታንከሩ ሥር ያለችውን የውኃ ማፍሰሻ ከፈቱ። እንደ ወተት የነጣ፣ ዘይት የተቀላቀለበት ውኃ ፈሰሰ፤ የሽሮ ድስት የሚሞላ ያህል። የቆላ ክረምት አየር እርጥብ ነው። ሲጨመቅና ሲቀዘቅዝ ውኃው ይቀራል። በየቀኑ ካልፈሰሰ የንፋሱን ቦታ ይይዛል፣ ቫልቮቹን ያዝጋል። የመጥረጊያውን ቱቦ ሲነቅሉት ከዚያም ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ወጣ። ፈትተው በናፍጣ አጥበው፣ አድርቀው፣ ጠብታ ዘይት ሰጥተው መለሱት።

«ሁለት በሽታ ነው የነበረው» አሉ። «መጥረጊያው በቆሻሻ ታሟል፣ ስለዚህ ንፋስ ትንሽ ሲቀንስ ቶሎ ይደክመዋል። ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ዘግይቶ ነበር የሚነግራችሁ። ታሞም ቢሆን ቀድሞ ተናገረ።»

ሹፌሩ ቱቦውን በጎማ ጠቅልሎ በሽቦ ሊያስረው ፈለገ። እርሻው ይጠብቃል፣ ባለቤቱ በስልክ ይጮኻል። አስር አለቃ «ፍሬን በሽቦ አይታሰርም» ብለው መፍቻውን ኪሳቸው ከተቱት። ሦስት ቀን ቆመን ቱቦው ከጎንደር መጣ። ባለቤቱ ከደመወዛችን ቆረጠ። አልሐምዱሊላህ፣ ከዚያ በኋላ ክረምቱ በሰላም አለቀ።

ወደ ቂርኣት ስመለስ ነሕው ሌላ ነገር ሆኖ ጠበቀኝ። የተማራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ያልተማራችሁም ቀላል ነው። በዐረብኛ የአንድ ስም መጨረሻ ይለዋወጣል። «ጃአ ዘይዱን» ስትል ዘይድ በ«ኡን» ያልቃል፤ «ረአይቱ ዘይደን» ስትል በ«አን»፤ «መረርቱ ቢዘይዲን» ስትል በ«ኢን»። ዘይድ ያው ዘይድ ነው። መጨረሻውን የሚለውጠው ከፊቱ የመጣው ቃል ነው፤ ዓሚል ይሉታል። መጨረሻው ሲበላሽ ጎበዝ ደረሳ መጨረሻውን አይደልዝም፤ ወደ ኋላ ተመልሶ ዓሚሉን ይፈልጋል። እኔ ይህንን በቃሌ እያልኩ፣ ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ፣ ገመድ እስብ ነበር! መጥረጊያው መጨረሻው ላይ ያለው ሐረካ ነበር። ዓሚሉ እግራችን ሥር ነበር።

በኋላ ሳነብ ይህ ነገር የኦራል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ። የመጀመሪያዎቹ መጥረጊያዎች በእጅ የሚሠሩ ነበሩ፤ ሜሪ አንደርሰን የምትባል የአላባማ ሴት በ1903 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የፈጠራ መብት ያስመዘገበችው ከውስጥ በእጀታ የሚንቀሳቀስ መጥረጊያ ነው። ከዚያ በሞተሩ መሳብ የሚሠሩ መጡ፤ እነሱ ደግሞ ዳገት ላይ ነዳጅ ሲረገጥ ይዘገዩ ነበር። የድሮ የአሜሪካ ወታደር መኪኖችም መጥረጊያቸው በንፋስ ይሠራ ነበር። መጥረጊያ ጉልበቱን ከሌላ ቦታ እስከተበደረ ድረስ የዚያን ቦታ ችግር ይናገራል። በገመድ ስትስበው ግን ጉልበቱን ከአንተ ይወስዳል፤ ስለ መኪናው ምንም አይነግርህም። እኔ ለሁለት ሳምንት ምስክሩን አፉን ይዤ ነበር።

አሮጌ ኦራል ወይም ዚል ላይ የምትሠሩ ወንድሞች፣ ረዳቶችም ጭምር፣ ይህቺን ያዙልኝ፦

1. መጥረጊያው ሲቆም መጀመሪያ የንፋስ ጌጁን እዩ። ጌጁ ካልሠራ መኪናው አይነሳ። ዓይን የሌለው ሹፌር ነው።

2. የሚቆመው ምን ስታደርጉ እንደሆነ አስታውሱ። ፍሬን ሲበዛ ከሆነ ስለ መጥረጊያ ማሰብ አቁሙና ስለ ፍሬን አስቡ።

3. ሞተር አጥፍቶ መጠበቅ ብቻውን አይበቃም። አንድ ሰው ፔዳሉን ይርገጥ፣ ሌላው ከውጭ ያዳምጥ። ከሥር ከመግባታችሁ በፊት ጎማው በድንጋይ ይደገፍ። ሲረገጥ ብቻ የሚተነፍስ ቱቦ አለ።

4. የታንከሩን ውኃ በየቀኑ አፍስሱ፤ በክረምት በተለይ። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

5. ንፋሱ ሞልቶ፣ ሲረገጥም ሳይወርድ መጥረጊያው ብቻ ከደከመ ያኔ ራሱን ፈትታችሁ እጠቡት።

6. ገመድ መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤት መድረሻ ነው። በማግስቱ መኪናው ላይ ከታየ ችግር ነው።

ስለ በለሳው ልጅ ሳልነግራችሁ አልጨርስም። ከመመለሴ በፊት ልጠይቀው ሄድኩ። እግሩ በጀሶ ታስሯል። ሙዝና ብስኩት ይዤ ነበር። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኩት፤ መጥረጊያው ፍሬን ሲረገጥ እንደሚሞት አውቅ እንደነበር፣ ለማንም እንዳልተናገርኩ። «ይቅር በለኝ» አልኩት። ጣራውን እያየ ብዙ ቆየ። «አንተ ገመዱን ስትስብ እኛ ከላይ ሆነን እንስቅ ነበር» አለኝ። «እኔ በጣም ነበር የምስቀው።» ይቅር ብዬሃለሁ አላለኝም፤ አልምርህም አላለም። ከደመወዜ የቀረኝን ግማሹን ትራሱ ሥር አስቀምጬ ወጣሁ። ዕዳዬን እንዳልከፈለልኝ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ አላገኘሁትም።

እንግዲህ ባለፈው ክረምት ከመስጂዱ ጥግ የቆምኩት በዚህ ምክንያት ነው። ረዳቱን «ጠባዩ ነው አትበል። አስበህ ንገረኝ። የሚቆመው ሹፌሩ ምን ሲያደርግ ነው?» አልኩት። ልጁ ገመዱን እንደያዘ ዝም አለ። ፊቱ ላይ ያየሁትን ፊት አውቀዋለሁ።

«ፍሬን ሲያበዛ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ግን ለሹፌሩ አልነገርኩትም።»

ሹፌሩ ከሻይ ቤት ሲወጣ አንድ ጀለቢያ የለበሰ ሰው መኪናው ሥር ተኝቶ ሲያይ ተቆጣ። የታንከሩ ውኃ ማፍሰሻ ተከፍቶ ያ ነጭ ውኃ መሬት ላይ ሲፈስ ሲያይ ግን ዝም አለ። «አሁን አንዴ ይርገጥልኝና አዳምጡ» አልኩ። ስልካቸውን ይዘው የነበሩት ወጣቶች ወደ ኋላው ጎማ ተጠጉ። ልጁ ጋቢና ገባና ረገጠ።

ሁላችንም ሰማነው።

ያን ማታ መኪናው አልወጣም። ልጁ ገመዱን ፈትቶ ሲጠቀልል «ኡስታዝ፣ እርስዎ ይሄንን የት ተማሩት?» ብሎ ጠየቀኝ። «ነሕው ስቀራ» አልኩት። የቀለድኩ መስሎት ሳቀ።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።